ስለቱ ይቅደም ወይስ ፒንሳው?

ሁለት ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን እናስቀምጥ። አንደኛው ቀይ እጀታው ላይ ነጭ መስቀል ያለበት፣ ሲዘጋ 91 ሚሊ ሜትር የሚረዝም የስዊስ ሰንጢ ነው። ሁለተኛው ሲዘጋ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ እጀታው ከላሜራ የታጠፈ፣ ቀለም ያልነካው የአሜሪካ ሌዘርማን ነው። የሻጮችን ዝርዝር ብቻ ያነበበ ሰው ሁለቱን ለመለየት ይቸገራል። ሁለቱም ስለት፣ ካቻቢቴ፣ ጣሳ መክፈቻና ወስፌ አላቸው። ልዩነቱ የሚገለጠው ሲከፈቱ ነው። ቀዩን ስታነሱ ጥፍራችሁ ስለቱ ላይ ያለችውን ቀጭን ስንጥቅ ያገኛል፤ ስለቱም ቀጭ ብሎ ይወጣል። ሌዘርማኑን ስታነሱ ግን ሁለቱን እጀታዎች ወደ ውጭ ታዞራላችሁ፤ መጀመሪያ ብቅ የሚለው ፒንሳ ነው። በመጀመሪያው የሌዘርማን ሞዴል ዳቦ ለመቁረጥ እንኳ ቢሆን ፒንሳውን ሳይከፍቱ ስለቱ ጋ መድረስ አይቻልም ነበር።

"የትኛው ይሻላል?" የሚለው ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ኖሯል። ብዙ ሰው መልሱን የሚፈልገው መሣሪያ በመቁጠር ነው፤ 12 ያለው ከ8 ይበልጣል፣ 33 ያለው ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል እያለ። እኔ በዚህ አቆጣጠር አልስማማም። ኪስ የምትችለው መጠን የተወሰነ ስለሆነ፣ አንድ መሣሪያ በገባ ቁጥር ሌላው ይወጣል፣ ይሳሳል ወይም ይርቃል። ስለዚህ አምራቾቹን ለማወዳደር መነሻው እያንዳንዱ ባለቤቱ ምን ዓይነት ችግር ይገጥመዋል ብሎ አሰበ የሚለው ነው። የትኛውን መሣሪያ ለእጅ አቀረበ? የትኛውንስ ሆን ብሎ ተወ? (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጠመንጃና ጣሳ

የስዊዘርላንድ ጦር በ1889 ሽሚት-ሩቢን የተባለ አዲስ ጠመንጃ ታጠቀ። ጠመንጃው ተፈትቶ ሊጸዳ የሚችለው በካቻቢቴ ነበር። በዚያው ዘመን የወታደሩ ስንቅ በጣሳ መታሸግ ጀምሯል። አንድ ወታደር ጠመንጃውን ለመፍታት አንድ፣ ምሳውን ለመክፈት ሌላ፣ ዳቦውን ለመቁረጥ ደግሞ ሦስተኛ ዕቃ ይዞ መዝመት ስለማይችል፣ ሁሉም በአንድ እጀታ እንዲጠቃለል ተወሰነ። ሞዴል 1890 የተባለው የወታደር ሰንጢ ስለት፣ ወስፌ፣ ጣሳ መክፈቻና ካቻቢቴ ነበረው፤ እጀታው ከጠቆረ የኦክ እንጨት የተሠራ ነበር።

የመጀመሪያው ትእዛዝ 15,000 ሰንጢ ነበር። በስዊዘርላንድ ያን ያህል የሚያመርት ፋብሪካ ስላልነበረ ሥራው ለጀርመን ሄደ፤ በቢላዋ ከተማነቷ ለምትታወቀው ለዞሊንገን፣ ቬስተር ለተባለ ድርጅት። የስዊስ ጦር ሰንጢ ከጀርመን ፋብሪካ መጀመሩን ብዙዎች አያውቁም።

ይህ ያንገበገበው አንድ ቢላ ሠሪ ነበር። ካርል ኤልዝነር ይባላል፤ በሽቪትስ ካንቶን ኢባክ በምትባል መንደር በ1884 ወርክሾፕ ከፍቷል። ሽቪትስ ያኔ ድሃ ነበረች፤ ሥራ ያጡ ወጣቶቿ ወደ ባሕር ማዶ ይሰደዱ ነበር። ኤልዝነር ቢላ ሠሪዎችን በማኅበር አሰባስቦ ሥራው በአገር ውስጥ እንዲቀር ተነሣ፤ በ1891ም የመጀመሪያውን ርክክብ ለጦሩ ፈጸመ። ዞሊንገን ግን በፋብሪካ እያመረተ በርካሽ ይሸጥ ነበር። የማኅበሩ አባላት አንድ በአንድ ሲያፈገፍጉ ኤልዝነር ብቻውን ቀረ፤ ዕዳ ውስጥም ገባ። ከኪሳራ ያወጡት ዘመዶቹ ናቸው።

እርሱን በእውነት ያቆመው ግን ጦሩ ያላዘዘው ሰንጢ ነው። የወታደሩ ሰንጢ ጠንካራ ቢሆንም ከባድ ነበር። ኤልዝነር ለመኮንኖች ቀለል ያለ፣ ሁለተኛ ትንሽ ስለትና የወይን ቡሽ መክፈቻ የተጨመረበት ሰንጢ አዘጋጀ፤ በሰኔ 12 ቀን 1897ም በሕግ አስመዘገበው። ጦሩ ቡሽ መክፈቻ ለጦርነት አያስፈልግም ብሎ ይሁን በሌላ ምክንያት በይፋ አልተቀበለውም። መኮንኖቹ ግን ከየኪሳቸው እየከፈሉ ገዙት።

የዚህ ሰንጢ ብልሃት ያለው ሞላው ላይ ነው። ሰንጢ ሲከፈት ቀጭ የሚያሰኘው፣ ሲዘጋም ስለቱን ጭምቅ አድርጎ የሚይዘው ከጀርባው ያለው ብረት ሞላ ይባላል። ከዚያ በፊት ሞላው በአንድ ወገን ያሉትን መሣሪያዎች ብቻ ይይዝ ነበር። ኤልዝነር ያንኑ ሞላ በሁለቱም ወገን ሥራ ሰጠው፤ ከፊት ስለቱን፣ ከጀርባ ቡሽ መክፈቻውን ይይዛል። በዚህ መንገድ ሁለት ሞላ ስድስት መሣሪያ ቻለ። ዛሬ በየሱቁ የምናየው ቀይ ሰንጢ ሁሉ የዚህ ሐሳብ ልጅ ነው።

የንግድ ስሙም ታሪክ አለው። የኤልዝነር እናት ቪክቶሪያ በ1909 ሲያርፉ ልጃቸው ስማቸውን ለድርጅቱ ሰጠ። በ1921 የማይዝግ ብረት ሲገባ፣ የዚያ ብረት መጠሪያ የሆነው ኢኖክስ ተቀጥሎበት ቪክቶሪኖክስ ሆነ።

አንድ ውል፣ ሁለት ፋብሪካ

ስዊዘርላንድ ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ክፍሎች ያሏት አገር ናት። የጦሩ ሰንጢ ከጀርመንኛ ተናጋሪዋ ሽቪትስ ብቻ ሲመጣ ሌላው ወገን ዝም አላለም። በፈረንሳይኛ ተናጋሪው የጁራ አካባቢ በ1893 የተቋቋመ አንድ ቢላ ፋብሪካ ለጦሩ ማቅረብ ጀመረ፤ ይህ ድርጅት በኋላ የሥራ አስኪያጁን የቴዎዶር ዌንገርን ስም ያዘ፤ መቀመጫውም ዴሌሞን ከተማ ሆነ። በ1908 መንግሥት ክርክሩን በማካፈል ፈታው፤ ግማሹን ለኤልዝነር፣ ግማሹን ለዌንገር። ከዚያ በኋላ አንድ ዓይነት ሰንጢ በሁለት ፋብሪካ እየተሠራ ለአንድ ጦር መቅረቡ ወደ 100 ዓመት ገደማ ቀጠለ። በሕዝብ ገበያም ስሙን ተካፈሉት። ቪክቶሪኖክስ "የመጀመሪያው" የስዊስ ጦር ሰንጢ ሲባል፣ ዌንገር "እውነተኛው" ተባለ።

ለጦሩ በሚያቀርቡት ላይ ሁለቱም ከዝርዝሩ ንቅንቅ ማለት አይችሉም ነበር። ለሕዝብ በሚሸጡት ላይ ግን እልህ ተጋቡ፤ ለእኔ የዚህ ታሪክ እጅግ የሚያጓጓው ክፍል ይህ ነው። ምክንያቱም ሁለቱ በአንድ ሕግ፣ በአንድ ቀለምና በተቀራረበ መጠን ተወስነው በትንንሽ ነገር ብቻ መለያየት ነበረባቸው።

ጣሳ መክፈቻውን እንይ። የቪክቶሪኖክሱ አጭርና መንቁር የመሰለ ስለት ነው። ከጣሳው ከንፈር ሥር ትሰኩታላችሁ፣ እጀታውን ወደ ላይ ታነሣላችሁ፣ ይነክሳል፤ ከዚያ ትንሽ ወደ ፊት ገፋ ታደርጉና እንደገና ታነሣላችሁ። እጅ ከለመደው ጣሳውን መዞር ደቂቃ አይፈጅም። የዌንገሩ ደግሞ በተቃራኒው፣ ወደ ኋላ እየሳበ ይቆርጣል። በአንዱ ያደገ ሰው ሌላውን ሲይዝ አቅጣጫው ይጠፋዋል፣ "ይህ ነገር አይሠራም" ብሎም ይፈርዳል። እኔ ወደ ቪክቶሪኖክሱ አደላለሁ፤ የማደላበት ምክንያት ግን ጣሳው አይደለም። የመክፈቻው ጫፍ ወደ ትንሽ ካቻቢቴነት ስለሚጠብ ባለ መስቀል ብሎንም ይፈታል። አንዲት ቁራጭ ብረት ሁለት ሥራ ስትሠራ፣ ያውም ሁለቱንም አሳምራ፣ ይህ ትልቅ ንድፍ ነው።

በመቀሱ ላይ ፍርዱ ይገለበጣል። የቪክቶሪኖክስ መቀስ ከተጨመቀ በኋላ የሚከፍተው ከሁለቱ እጆቹ መካከል ያለ ክር የመሰለ ቀጭን ሞላ ነው። ይህ ሞላ በጊዜ ብዛት ይሰበራል። መለዋወጫው ርካሽ ነው፤ የሚገኝበት አገር ላሉ። መለዋወጫ ለሌለበት አገር ባለቤት ግን መቀሱ በየቁርጡ በእጅ መከፈት ያለበት ግማሽ መቀስ ሆኖ ይቀራል። ዌንገር እንዲህ ያለ ለብቻው የቆመ ቀጭን ሞላ አልተጠቀመም፤ የመቀሱን አፍ ደግሞ ደቃቅ ጥርስ አወጣለት፤ ስለዚህ ጨርቅም ሆነ የዓሣ ማጥመጃ ክር ከአፉ አይሸሽም። በመቀስ ዌንገር ይበልጥ ነበር። ለመዳፍ እንዲመች ተጠምዝዞ የተቀረጸውን እጀታም ያመጣው ዌንገር ነው፤ በረጅም ሥራ ላይ የቀጥታውን እጀታ ጠርዝ የቀመሰ ሰው ዋጋውን ያውቃል።

አሮጌ ሰንጢ እጁ የገባ ሰው ሁለቱን በመስቀሉ ይለያቸዋል። የቪክቶሪኖክስ መስቀል በጋሻ ቅርጽ ውስጥ ነው፤ የዌንገሩ ጥጎቹ በተድበለበሉ አራት ማዕዘን ውስጥ። ርዝመቱም ይናገራል፤ የተለመደው የቪክቶሪኖክስ የመኮንን ሰንጢ 91 ሚሊ ሜትር፣ የዌንገሩ 85 ሚሊ ሜትር ነው።

በቁጥር መፎካከርም ነበር። ቪክቶሪኖክስ በ1985 ስዊስቻምፕ የተባለውን፣ 33 አገልግሎት ያለውንና 185 ግራም የሚመዝነውን አወጣ። ኪስ የሚችለው ወሰን ይህ ይመስለኛል፤ ሱሪ ኪስ ውስጥ ሲገባ ከጎን ጎልቶ ይታያል። ዌንገር ደግሞ ከብዙ ዓመት በኋላ 87 መሣሪያና 141 አገልግሎት ያለው፣ ወርዱ ከርዝመቱ የሚበልጥ ሰንጢ ሠርቶ የዓለም ክብረ ወሰን መዝገብ ውስጥ ገባ። ያ ዕቃ ለመስኮት ማሳያ እንጂ ለሥራ አይሆንም። በዓለም ላይ በብዛት የሚሸጠው የቪክቶሪኖክስ ሰንጢ ሌላው ጫፍ ላይ ያለው ነው፤ 58 ሚሊ ሜትር የሚረዝመው፣ አንድ ትንሽ ስለት፣ የጥፍር ሞረድ፣ መቀስ፣ ወረንጦና ስቴኪኒ ብቻ ያለው።

ስለ ብረቱ

ለገዢው የማይታይ ነገር አለ፤ የብረቱ ጥንካሬ። ብረት በሮክዌል መለኪያ ይለካል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ብረቱ ይጠነክራል። ቪክቶሪኖክስ ለአንድ ሰንጢ አንድ ዓይነት ጥንካሬ አይሰጥም። ስለቱ 56 ነው። መጋዙ፣ መቀሱና የጥፍር ሞረዱ 53፣ ካቻቢቴው፣ ጣሳ መክፈቻውና ወስፌው 52፣ ቡሽ መክፈቻውና ሞላዎቹ 49 ናቸው።

ለምን ሁሉም 56 አልሆነም? ጠንካራ ብረት ስለቱን ረጅም ጊዜ ይይዛል፤ ሲጠመዘዝ ግን ይሰነጠቃል። ካቻቢቴ ደግሞ ሥራው መጠምዘዝ ነው። የዛገ ብሎን ላይ ሲታገል ጥቂት ቢንጋደድ ይሻላል፤ ከተሰበረ ስብርባሪው ዓይን ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሞላው ይበልጥ መለሳለስ አለበት፤ በሺህ ጊዜ ሲታጠፍና ሲመለስ እንዳይደክም። ስለቱም ቢሆን 56 ላይ የቆመው በምክንያት ነው። ከዚያ በላይ የጠነከሩ ስለቶች በገበያ ሞልተዋል፤ ሲደንዙ ግን ለመሳል ልዩ ድንጋይና ትዕግሥት ይፈልጋሉ። የቪክቶሪኖክስ ስለት ቶሎ ይደንዛል የሚሉ ወቀሳዎች እውነት አላቸው፤ ማንኛውም የመሳያ ድንጋይ ላይ በጥቂት ምልልስ ስለቱ እንደሚመለስ ግን አብሮ መነገር አለበት። ከከተማ ርቆ ለሚሠራ ሰው እኔ የምመርጥለት ይህን ዓይነቱን ነው።

የቴህራኑ ንድፍ

በ1975 ቲም ሌዘርማን የተባለ የኦሪገን ሰውና ባለቤቱ ቻው አውሮፓንና ከዚያ ወዲያ ያለውን አገር በመኪና ለመዞር ተነሡ። ሰውየው በመካኒካል ምህንድስና ተመርቋል። መኪናቸው አምስተርዳም ላይ በ300 ዶላር የገዙት አሮጌ ፊያት 600 ነበር፤ የሚያድሩባቸው ሆቴሎችም ርካሽ ነበሩና ቧንቧቸው ያፈስ ነበር። ሌዘርማን ኪሱ ውስጥ የስካውት ሰንጢ ነበረው። ዳቦውን ቆረጠበት፣ ብሎን ፈታበት፤ ነገር ግን የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ፊት ሲቆም፣ የመኪናው ሽቦ ሲበጠስ፣ ሰንጢው የማይችለው አንድ ነገር ነበር፤ ይዞ መጭመቅ። ፒንሳ አልነበረውም። ቴህራን ሲደርሱ ፒንሳ ያለበት ሰንጢ በወረቀት ላይ ነደፈ።

ስዊሶቹ የተነሡት ከጠመንጃና ከጣሳ ነው፤ እርሱ የተነሣው ከፊያትና ከቧንቧ። ሁለቱም ዕቃዎች የተወለዱበትን ችግር እስከ ዛሬ ይዘው ይታያሉ።

አገሩ ተመልሶ በወር የሚያልቅ መስሎት ጀመረ፤ ሦስት ዓመት ወሰደበት፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የቤቱን ወጪ የተሸከመችው ባለቤቱ ናት። የመጀመሪያው ናሙና ከፒንሳው በተጨማሪ ቆንጥጦ የሚይዝ ክላምፕ ነበረበት። ፓተንቱን በ1980 አገኘ። ከዚያ በኋላ የገጠመው እምቢታ ነው። ለሰንጢ አምራቾች ሲልክ ይህ ሰንጢ አይደለም፣ መሣሪያ ነው አሉት። ለመሣሪያ አምራቾች ሲልክ ደግሞ ይህ መሣሪያ አይደለም አሉት። እምቢ ካሉት መካከል አንዱ እዚያው በፖርትላንድ አካባቢ የሚገኘው፣ በ1939 የተመሠረተው ገርበር ነበር።

መውጫው የተገኘው በመቀነስ ነው። ሌዘርማን ስቲቭ በርሊነር ከተባለ የኮሌጅ ጓደኛው ጋር ሆኖ ክላምፑን ትቶ፣ ዋጋው የሚቀመስ ቀለል ያለ ሞዴል አዘጋጀ። በ1983 ካቤላስ የተባለው የአደንና የካምፕ ዕቃ ሻጭ 500 አዘዘ፤ ድርጅቱም በዚያው ዓመት ተቋቋመ። በዓመት 4,000 ብንሸጥ ብለው የተነሡት ሰዎች በ1984 ወደ 30,000 የሚጠጋ ሸጡ። ለእያንዳንዱም የ25 ዓመት ዋስትና ሰጡ።

የሌዘርማን ሐሳብ ውበቱ እጀታው ላይ ነው። እውነተኛ ፒንሳ ረጅም እጀታ ይፈልጋል፤ ጉልበቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ረጅም እጀታ ደግሞ ኪስ አይገባም። ሌዘርማን እጀታዎቹን ከላሜራ አጥፎ ቦይ አደረጋቸውና ፒንሳው ራሱ ውስጣቸው ተጣጥፎ እንዲተኛ፣ ቀሪው ቦታ ደግሞ ለስለቱ፣ ለሞረዱና ለካቻቢቴዎቹ መኖሪያ እንዲሆን አደረገ። በስዊስ ሰንጢ ውስጥም ትንሽ ፒንሳ ያለባቸው ሞዴሎች አሉ፤ ለእሾህና ለቀጭን ሽቦ ይሆናሉ። ዳዶ አጥብቆ ይዞ ለማዞር ግን አይሆኑም።

ጉድለቱም ከዚያው ከላሜራው መጣ። ፒንሳው ሲጨመቅ መዳፍ ላይ የሚያርፈው የቦዩ ክፍት ጠርዝ ነው፤ ጠንከር አድርጎ ለያዘ ሰው ያማል። ሰው ያጉረመረመበትን ጉድለት ደግሞ ተፎካካሪ ያያል። ቀድሞ እምቢ ያለው ገርበር፣ በ1980ዎቹ የፊንላንዱ ፊስካርስ ንብረት ከሆነ በኋላ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የራሱን ፒንሳ ይዞ መጣ። የገርበሩ ፒንሳ አይታጠፍም፤ ከእጀታው ውስጥ ይንሸራተታል። የእጅ አንጓን ወንጨፍ ሲያደርጉት በአንድ እጅ ይወጣል። ሌላው እጅ መሰላል ወይም ገመድ ለያዘበት ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ለትክክለኛነት ግን ሌዘርማኑ ይበልጣል ባይ ነኝ፤ በአንድ ጽኑ መዞሪያ ላይ የቆመ ፒንሳ ከሚንሸራተት ፒንሳ ያነሰ ይወዛወዛል።

የሁለቱ ፉክክር ጨዋነት ነበረው። ሁሉም ግን እንዲህ አልነበረም። በ1996 ኩፐር ኢንዱስትሪስ የተባለ ትልቅ ኩባንያ ቱልዞል የሚል ተመሳሳይ ዕቃ ለማስተዋወቅ ሲነሣ፣ የራሱን ዕቃ ፎቶግራፍ መጠቀም ሲገባው የሌዘርማንን ዕቃ ቀይሮና ነካክቶ ፎቶውን ማስታወቂያ ላይ አወጣ። ሌዘርማን ከሰሰ። ዳኞቹ ለደረሰው ጉዳት 50,000 ዶላር፣ ለመቀጫ ደግሞ 4.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱ። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ2001 ይግባኝ ሰሚው የመቀጫውን መጠን እንደ አዲስ እንዲመረምር ታዘዘ፤ መቀጫውም ወደ 500,000 ዶላር ወረደ። ከዚህ ክርክር ለአምራቾች የቀረው ሌላው ነጥብ ነው። ቅርጹን በመኮረጅ በኩል ፍርድ ቤቱ ለሌዘርማን አልፈረደም፤ ቅርጹ ሥራው የሚፈልገው ቅርጽ እንጂ ጌጥ አይደለም ተባለ። የፓተንት ዘመኑ ያበቃን ጠቃሚ ቅርጽ ማንም መሥራት ይችላል ማለት ነው። ዛሬ በየገበያው በርካሽ የምናያቸው ስም የለሽ ባለ ፒንሳ ሰንጢዎች ሁሉ በዚህ በር የገቡ ናቸው።

1998 ላይ ሌዘርማን ዌቭን አወጣ፤ ስለቶቹን ከእጀታው ውጭ በኩል አደረጋቸው። አሁን ፒንሳው ሳይነካ ስለቱ በአውራ ጣት ብቻ ይከፈታል። በዚያው ዘመን ቪክቶሪኖክስ ስዊስቱል የተባለ ባለ ፒንሳ ዕቃ ይዞ ቀረበ። ሁሉም መሣሪያ እጀታው ሳይከፈት ከውጭ ይወጣል፣ እያንዳንዱም ከተከፈተ በኋላ ይቆለፋል፣ የእጀታው ጠርዝ የተድበለበለ ነው። ፒንሳ ያቀረበው ሰው ስለቱን ወደ እጅ አመጣ፤ ስለት ያቀረበው ድርጅት ፒንሳ ሠራ። ስዊስቱል ዘግይቶ መምጣቱ ጠቅሞታል፤ ሌዘርማንና ገርበር በገዢ እጅ ላይ የተማሩትን ሁሉ አይቶ ነው የመጣው። ማጠፊያዎቹ ሲከፈቱ የሚሰጡት ስሜት ከሁሉም የጠራ ነው። ክብደቱ ግን 280 ግራም ገደማ ይደርሳል፤ ይህ ከእንግዲህ የኪስ ዕቃ መሆኑ አብቅቶ የቀበቶ ዕቃ ሆኗል።

አውሮፕላን ማረፊያ ላይ

ከመስከረም 11 ቀን 2001 በኋላ ሰንጢ ይዞ አውሮፕላን መሳፈር ተከለከለ፤ በአውሮፕላን ማረፊያ ሱቆችም ሰንጢ መሸጥ ቆመ። የስዊስ ሰንጢ ደግሞ ዋና ገበያው መንገደኛና ስጦታ ገዢ ነበር። የቪክቶሪኖክስ የሰንጢ ሽያጭ በ30 በመቶ ገደማ አሽቆለቆለ። ድርጅቱ ሠራተኛ አልበተነም፤ የተወሰኑትን ለአካባቢው ድርጅቶች በውሰት እየሰጠ ክፉውን ጊዜ አሳለፈ። ዌንገር ግን ይህን ያህል ስንቅ አልነበረውም። በ2005 ቪክቶሪኖክስ ገዛው። በ2013 የሁለቱ ሰንጢዎች በአንድ ስም እንደሚጠቃለሉ ተነገረ፤ በቀጣዩ ዓመት የዌንገር ሞዴሎች ዴሌሞን በሚል ስብስብ በቪክቶሪኖክስ ስም ወጡ። የዌንገር ስም በቦርሳና በእጅ ሰዓት ላይ ቀረ።

ግዢው የዴሌሞንን ሠራተኞች ከሥራ ማጣት አድኗል፤ ይህን ማንም ሊያቃልለው አይገባም። እንደ ተጠቃሚ ግን የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ለረጅም ዘመን አንዱ ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ የሚስብ ጣሳ መክፈቻ ነበረን፤ አንዱ በቀጭን ሞላ ሌላው ያለ ቀጭን ሞላ የሚሠራ መቀስ። ከውህደቱ በኋላ ያ ባለ ጥርስ መቀስ ከመደበኛው የቪክቶሪኖክስ ሰንጢ ውስጥ አልገባም።

የጦሩ ውልም ቢሆን እንደ ቀድሞው በስምምነት የሚከፋፈል መሆኑ ቀርቷል። በ2008 አዲስ የወታደር ሰንጢ ሲታዘዝ ጨረታው በዓለም ንግድ ድርጅት ደንብ ለውጭ አምራቾችም ክፍት ነበረ፤ ስዊሶቹ ሰንጢያቸው ባሕር ማዶ ሊሠራ ነው ብለው ተጨነቁ። ቪክቶሪኖክስ አሸነፈ። አዲሱ ሰንጢ 111 ሚሊ ሜትር የሚረዝም፣ በአንድ እጅ የሚከፈትና የሚቆለፍ ነው።

ሕግም የማወዳደሪያው አካል ሆኗል፤ በተለይ በውጭ ለሚኖሩ አንባቢዎች። በብሪታንያ ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ መያዝ የሚፈቀደው የማይቆለፍና የስለቱ አፍ ከ7.62 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ተጣጣፊ ሰንጢ ነው። ለንደን የሚኖር ሰው 91 ሚሊ ሜትሩን ቀይ ሰንጢ ኪሱ ይዞ ቢሄድ ከሕጉ ውስጥ ነው፤ ስለቱ የሚቆለፈውን ዌቭ ከያዘ ግን ለምን እንደያዘው ማስረዳት ይጠበቅበታል። ቁልፉ ጣትን ከመቆረጥ የሚጠብቅ የደኅንነት መሣሪያ ነው፤ ሕጉ ግን የሚያየው ሌላውን ወገን ነው። ለስጦታ የሚገዛ ሰው ይህን ሳያጣራ ባይገዛ ይመረጣል።

እኔን የሚጠይቅ ሰው ሲኖር መልሴ በሥራው ይወሰናል። ምግብ የሚቆርጥ፣ ገመድ የሚበጥስ፣ እሾህ የሚያወጣና አልፎ አልፎ ብሎን የሚያጠብቅ ሰው ከ100 ግራም በታች የሆነ፣ መቀስ ያለው የስዊስ ሰንጢ ይበቃዋል። ኤሌክትሪክ፣ ቧንቧ፣ ሞተር ብስክሌትና አጥር የሚነካካ ሰው ባለ ፒንሳ ይግዛ፤ በአንድ እጅ የሚሠራ ከሆነ ገርበርን፣ ጽኑ አያያዝ የሚፈልግ ከሆነ ሌዘርማንን፣ ክብደቱ የማያስጨንቀው ከሆነ ስዊስቱልን።

ቪክቶሪኖክስ በ2024 ስለት የሌለው የኪስ መሣሪያ እየቀረጸ መሆኑን አስታውቋል፤ በብዙ አገሮች የስለት ሕግ እየጠበቀ መምጣቱ ነው ምክንያቱ። ሌዘርማን ይህን ቀደም ብሎ ሠርቷል፤ ስታይል ፒኤስ የሚባለው ትንሽ ዕቃው ፒንሳና መቀስ እንጂ ስለት የለውም፣ አውሮፕላን ላይ ይዞ ለመሳፈርም ታስቦ የተሠራ ነው። ለሌዘርማን ይህ ቀላል ነበር፤ ስለቱ ቢወጣም የዕቃው ወገብ የሆነው ፒንሳ በቦታው አለ። ኢባክ ላይ ግን የሚወጣው ሞላው፣ እጀታውና 91 ሚሊ ሜትሩ ራሱ የተለኩበት መሣሪያ ነው። የድርጅቱ ኃላፊ ካርል ኤልዝነር፣ የመሥራቹ የልጅ ልጅ ልጅ፣ በምሳሌነት ያነሡት ለብስክሌት ነጂዎች የሚሆን ዕቃ ነው። ብስክሌቱ መንገድ ላይ የቆመበት ሰው የሚያስፈልገው ባለ ስድስት ጎን ብሎን መፍቻና የጎማ ማውለቂያ ነው። ለእነዚህ ደግሞ ጉልበት ያለው ረጅም እጀታ ያሻል፤ ፖርትላንዶች ከ1983 ጀምሮ ሲሠሩት የኖሩት ይህንኑ ነው።